በነጭ መደብ ላይ ስለሚነገር ሐሰት

ወጣት አንባቢዬ ሆይ! ሰው ሐሰትን የሚናገረው በአፉ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ሰው በሚዛን ይዋሻል፤ በስፍር ይዋሻል፤ በዝምታም ይዋሻል። በዛሬው ዘመን ደግሞ በእነዚህ ላይ አንድ አዲስ መዋሻ ተጨምሯል፤ ይኸውም ቃል ሳይናገር፥ ፊርማ ሳያኖር፥ ሚዛንም ሳያነሣ የሚዋሽ፥ ነጭ ልብስ የለበሰ ሐሰት ነው። ስለዚህ ሐሰት ልጽፍ የተነሣሁት ከሩቅ ሰምቼ አይደለም፤ በገዛ እጄ ሠርቼው፥ በገዛ እጄም ገንዘቡን ተቀብዬበት ነው እንጂ። ስለዚህ የማቀርበው ክስ በመጀመሪያ በእኔው ላይ የቀረበ መሆኑን አንባቢው እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።

ኑሮዬ አዲስ አበባ፥ ሥራዬም ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ቀድሞ የማነሣው ሙሽራንና ሚዜን፥ የተመረቀ ተማሪንና ክርስትና የተነሣ ሕፃንን ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ንግዱ ከሱቅ ወጥቶ ወደ ስልክ ሲገባ የእኔም ሥራ ከሰው ወደ ዕቃ ዞረ። በተለይም ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረና ገንዘብን በስልክ መላክ ለብዙ ሰው ከተለመደ በኋላ፥ የሱቅ ኪራይ የማይችለው ሁሉ በቴሌግራም ላይ ሱቅ ከፈተ። ጫማው፥ ጀበናው፥ መሶቡ፥ የሐበሻ ቀሚሱ፥ ጋቢው ሁሉ በሥዕል ይሸጥ ጀመር። ነጋዴውም ሁሉ አንድ ቃል ተማረ፤ እርሱም «በነጭ ላይ አንሣልኝ» የሚል ነው።

«በነጭ ላይ» ማለት ምን ማለት ነው? ዕቃው ከኋላው ግድግዳ፥ ከሥሩም ጠረጴዛ ሳይታይ፥ በባዶ ንጣት መካከል ብቻውን እንዲቆም ማድረግ ነው። ለዚህም አንድ ሰፊ ነጭ ወረቀት ከግድግዳ ተሰቅሎ፥ ሳይታጠፍ እንደ ለመጠ ወደ ጠረጴዛው ይወርዳል፤ መታጠፊያ ስለሌለው ዓይን ግድግዳው የት እንዳለቀ፥ ጠረጴዛውም የት እንደ ጀመረ አይለይም። ከዚያ በኋላ ሁለት መብራት በዕቃው ግራና ቀኝ፥ ሌላም መብራት በወረቀቱ ላይ ይበራል። ወረቀቱ ከዕቃው ይልቅ ጥቂት ብርሃን እንዲበልጠው ያስፈልጋል፤ ካነሰው ንጣቱ ዐመድ ይመስላል፥ ከበዛበት ደግሞ ብርሃኑ ወደ ዕቃው ተመልሶ ጠርዙን ይበላዋል። ነጭ ነጠላን በነጭ ላይ ማንሣትማ የሙያው ፈተና ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ስለ ሆነ፥ እንደ ፈቀደው ቢተዉት የሸማኔውን ንጹሕ ጥጥ አቧራ የጠጣ አስመስሎ ያወጣዋል። አንሺው ይህን ዐውቆ ከካሜራው ልኬት በላይ ብርሃን መጨመር አለበት። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ሥራው ቀላል እንዳልሆነ፥ ሙያም እንዳለበት እንድታውቁ ነው። የተበላሸው ሙያው አይደለም፤ ሙያው የተሸጠበት ነገር ነው።

ሳያዩ መግዛትም ዛሬ የተፈጠረ ነገር አይደለም። በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለ ነጋዴ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1872 ዓ.ም. የዕቃና የዋጋ ዝርዝር በአንድ ወረቀት አትሞ በገጠር ለሚኖሩ ገበሬዎች በፖስታ ይልክ ጀመር። ገበሬው ዕቃውን ሳያይ፥ ሰውየውንም ሳያውቅ፥ ገንዘቡን በምን ተማምኖ ይሰድዳል? ነጋዴው ይህ ጥያቄ ስለ ገባው በ1875 ዕቃው ደስ ላላሰኘው ገዢ ገንዘቡ እንዲመለስለት ቃል ገባ። እንግዲህ የሩቅ ንግድ ከጥንት ጀምሮ የቆመው በቃል ኪዳን ነው እንጂ በሥዕል ማማር አይደለም።

በዘመናችንም ከኢንተርኔት ገበያዎች መካከል የገነነው አማዞን፥ ሻጮቹ በሚያቀርቡት ዋና ፎቶግራፍ ላይ የዕቃው መደብ ፍጹም ነጭ እንዲሆን ያዝዛል፤ በኮምፒዩተር አቈጣጠር ቀዩም፥ አረንጓዴውም፥ ሰማያዊውም 255 የሆነ ማለት ነው። ዕቃው ከሥዕሉ 85 ከመቶ ያህሉን እንዲሞላ፥ ጽሕፈትም ሆነ ከዕቃው ጋር የማይሸጥ ጌጥ እንዳይገባበትም ይደነግጋል። የእኛም ነጋዴዎች ደንቡን አንብበውት ባይሆንም፥ መልኩን በዓይናቸው አይተው ወረሱት።

የደንቡ አሳብ በራሱ መልካም ነው። በእኛ ቋንቋ መደብ የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይጠራል፤ ቀለምና ጥለት የሚያርፍበት መሠረት መደብ ይባላል፤ የጉልት ሻጯ ቃሪያዋን ዘርግታ የምትቀመጥበትም ቦታ መደብ ይባላል። በሁለቱም መደብ ላይ ዕቃ ለዓይን ይቀርባል፥ በሁለቱም ላይ ሰው ይታመናል። ነጭ መደብ ለገዢው የሚናገረው «እነሆ፥ የምደብቀው የለኝም፤ ዕቃው ብቻውን ቆሟል፤ ተመልከተው» ብሎ ነው። ይህ መሐላ ነው። እኔም የምከስሰው መደቡን ሳይሆን፥ በመደቡ ላይ ቆሞ በሐሰት የሚምለውን ነው።

ነገር ግን ነጭ መደብ ቅን ሰው በያዘውም ጊዜ ቢሆን ከገዢው ሦስት ነገር ይወስዳል። አንደኛ፥ ልክን ይወስዳል። ለሁለት ሰው የሚበቃ ጀበናና ለአሥራ ሁለት ሰው የሚበቃ ጀበና ሁለቱም ሥዕሉን እኩል ሲሞሉ እኩል ይሆናሉ። ሲኒ አጠገባቸው የለ፥ ምድጃ ሥራቸው የለ፤ ዓይን በምን ያመዛዝን? ሁለተኛ፥ እጅን ይወስዳል። ነጠላ በሁለት፥ ጋቢ በአራት ድርብ መሠራቱን ጣት በአንድ መዳሰስ ያውቃል፤ ዓይን ግን የላዩን ድርብ እንጂ የታቹን አይቈጥርም። ሦስተኛ፥ ቀለምን ይወስዳል። በመስኮት ብርሃን ቀይ የነበረ ጥለት በቢጫ አምፖል ሥር ወደ ብርቱካን ይሄዳል፤ አንሺው ካላረመው የገዢው ስልክ ያንኑ ስሕተት ይዞ ይደርሳል። እንግዲህ እነዚህን ሦስቱን የወሰደ ሰው በሌላ መንገድ የመመለስ ዕዳ አለበት። ዕዳውን እያወቀ የማይከፍል ደግሞ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አንባቢው ያውቃል።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። አንድ ቀን አንድ ነጋዴ ጋቢ ይዞ መጣ። ጋቢው የሳሳ ነበር፤ በጠርዙም ላይ ክሩ ተፈትቷል። «ወፍራም መስሎ እንዲታይ አድርገህ አንሣልኝ፤ ዋጋህን እጨምርልሃለሁ» አለኝ። እኔም ጋቢውን አጣጠፍሁና በእጥፋቱ መካከል የራሴን ብርድ ልብስ ሸጐጥሁበት። የተፈታውን ክር ወደ ውስጥ መለስሁት፤ ጥቂት ቢጫ ያለበትንም ቦታ በኮምፒዩተር አነጣሁት። ሥዕሉ ሲያልቅ ጋቢው በሐምሌ ብርድ የሚያላብ ይመስል ነበር። ነጋዴው ደስ አለው፤ እኔም ተጨማሪውን ብር ኪሴ ከትቼ ነገሩን ረሳሁት።

ሁለት ወር ያህል እንዳለፈ በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ቤቴ መጡ። የወንድማቸው ልጅ ከሥዕሉ ሥር የተጻፈውን ስሜንና የስልክ ቍጥሬን አይቶ፥ እየመራ አመጣቸው። ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ ጋቢውን ከፌስታል አውጥተው ጭኔ ላይ አኖሩት።

«ልጄ፥ ይኸን ጋቢ በሥዕል ያነሣኸው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎን፥ እማማ» አልሁ።

«እንግዲያስ አንተ ያየኸውን ጋቢ አሳየኝ፤ ይኸ የተላከልኝ ሌላ ነው። ለባለቤቴ ነበር የገዛሁት፤ ታሞብኛል፥ ብርድ አይችልም። ሻጩ ስልኩን አላነሣ አለኝ። አንተ ግን በዓይንህ አይተኸዋልና ትመሰክርልኛለህ ብዬ ነው የመጣሁት።»

እኚህ እናት የመጡት ሊከስሱኝ አልነበረም፤ ምስክር ሊያደርጉኝ ነበር እንጂ። ለምስክርነት የተጠራው ራሱ በዳዩ መሆኑን አላወቁም። ጋቢውን ዳሰስሁት፤ ያው ነበር። ብርድ ልብሱም አልጋዬ ላይ እንደ ተዘረጋ ከእኛ ጥቂት ክንድ ርቆ ነበር። ልዋሽ እችል ነበር፤ «ነጋዴው ሳይለውጠው አይቀርም» ብል ማን ያውቅብኝ ነበር? ነገር ግን አልቻልሁም። ተነሥቼ ብርድ ልብሱን አመጣሁና በጋቢው መካከል ሸጕጬ አሳየኋቸው። ጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። «እንግዲያስ እኔ የገዛሁት ያንተን ብርድ ልብስ ነዋ» አሉኝ። አልተቈጡም፤ ቢቈጡ በተሻለኝ ነበር። ገንዘቡን እኔ ልተካ ብላቸው «አንተ አልሸጥህልኝም» ብለው እምቢ አሉ። በብዙ ልመና ብርድ ልብሱን ለባለቤታቸው ይዘውልኝ ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ነገር ለሙያ ጓደኞቼ ባነሣሁ ቍጥር የሚሰጡኝ መልስ አራት ዓይነት ነው። እያንዳንዱን በየተራው ልመርምረው።

የመጀመሪያው «ሁሉም የሚያደርገው ነው» ይላል። ነውር ግን በሠሪው ብዛት አይጠራም። ቅቤን ከሙዝ ጋር የሚለውሱ ሰዎች ቢበዙ ሙዙ ቅቤ አይሆንም፤ ይልቁንም ንጹሕ ቅቤ ያላት ባልቴት ሳትበድል ትጠረጠራለች። ሁሉም የሚዋሽበት ገበያ ውስጥ ቀድሞ የሚከስረው ውሸታሙ አይደለም፥ እውነተኛው ነው። በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ተመልከቱ። ሸማኔ ከጕድጓዱ ውስጥ እግሩን አውርዶ፥ መወርወሪያውን እያመላለሰ በስንት ቀን ድካም ያወጣው ጥለትና ፋብሪካ በጨርቅ ላይ ያተመው ጥለት፥ በትንሿ የስልክ መስታወት ላይ አንድ ይመስላሉ። አንሺው ልዩነቱን ካላሳየ ገዢው የሚያየው ዋጋውን ብቻ ነው፤ በዋጋ ደግሞ ሸማኔው ማሽኑን አያሸንፍም። ስለዚህ በሐሰት ያማረ አንድ ሥዕል አንድ ገዢን ብቻ አይደለም የሚበድለው፤ ፊቱን አይተነው የማናውቀውን ሸማኔም እንጀራ ይነጥቃል።

ሁለተኛው «ገዢው ሞኝ አይደለም፤ ሥዕል እንደሚያሳምር ያውቃል» ይላል። ገዢው የማይታለል ቢሆን ኖሮ ነጋዴው ለማታለያው ተጨማሪ ዋጋ ባልከፈለህ ነበር! ማሳመርን አልከለክልም። ልብሱን መተኰስ፥ አቧራውን መጥረግ፥ መልካም ብርሃን መስጠት የተገባ ነው፤ ገዢውም ቢሆን ቤቱ ወስዶ ይህን ሊያደርግ ይችላል። ብርድ ልብሱን ግን ከየት ያመጣዋል? መለኪያው ይህ ነው፤ ሙሽራን መኳል ሌላ፥ ሙሽራን መለወጥ ሌላ ነው።

ሦስተኛው «እኔ አንሺ ነኝ እንጂ ሻጭ አይደለሁም» ይላል። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ነገር ግን ሐሰተኛ ምስክርም ከሳሽ አይደለም፥ ዳኛም አይደለም፤ ፍርዱን የሚያጣምመው ግን እርሱ ነው። ገዢው በቦታው የለም፤ ዕቃውን የሚያየው በአንሺው ዓይን ነው። ዓይንህን ካበደርኸው በኋላ «ያየሁት እኔ አይደለሁም» ልትለው አትችልም።

አራተኛው «እኔ ካላደረግሁት ሌላው ያደርገዋል፤ የቤት ኪራይ አለብኝ» ይላል። ይህን በንቀት አልመልሰውም። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት መብራትና አንድ ስልክ ይዞ የሚታገለውን ወጣት ዐውቀዋለሁ፤ እኔም ከዚያው ነኝ። እምቢ ማለት ዋጋ የለውም ብዬም አልሸነግላችሁም። እኔ እምቢ ማለት ከጀመርሁ ወዲህ ሁለት ደንበኞች ጥለውኝ ሄደዋል፤ እስከ ዛሬም አልተመለሱም። የጐደለውን በሰርግ ሥራ እሞላለሁ፤ አንዳንድ ወር ደግሞ አይሞላም። የሆነ ሆኖ አንድ ነገር እላለሁ፤ ሆድን በጎመን ቢደልሉት ጉልበት በዳገት ይለግማል። ገዢንም በሥዕል ቢደልሉት በሁለተኛው ግዢ ይለግማል። ዛሬ በሐሰት ያሳመርህለት ነጋዴ ነገ ገዢ ሲሸሸው የሚሸሽህ አንተንም ነው። ያን ጊዜ በእጅህ የሚቀረው ገንዘብም ስምም አይደለም፥ የመዋሸት ልማድ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የባሰ ደግሞ በደጃችን ቆሟል። ዛሬ ስልክ ራሱ በአንድ መንካት የዕቃውን ጀርባ ቈርጦ ይጥላል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለውም መሣሪያ ጥቂት ቃል ሲጽፉለት ኖሮ የማያውቀውን ዕቃ ሥዕል ይሠራል። ጥጡ ሳይፈተል፥ ሸማኔውም ጕድጓዱ ውስጥ ሳይገባ፥ የጋቢ ሥዕል ይወጣል። እኔ ቢያንስ ብርድ ልብስ ሸጕጬ ነበር፤ አሁን ግን መሸጐጫ ጋቢም አላስፈለገም። ሌላው ደግሞ የሌላውን ሰው ሥዕል ከኢንተርኔት ወስዶ የራሱ ዕቃ አስመስሎ ይለጥፋል፤ አንድ ጫማ በአሥር ሱቅ በአንድ ብርሃን፥ በአንድ ጥላ፥ በአንድ ማዕዘን ቆሞ ታዩታላችሁ። ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። መሣሪያውን አልወቅስም፤ የተነሣን ሥዕል ለማጽዳት ቢሠሩበት ድካም ያቀልላል። የሌለን ዕቃ አለ ማሰኘት ግን ማጽዳት አይባልም።

ገዢም ከነቀፋ አያመልጥም። እውነተኛ ሻጭ የተፈታውን ክር በሥዕል ሲያሳየው ይሸሻል፤ ውሸታሙ ሲደብቅለት ይገዛል፤ በኋላም ተታለልሁ ብሎ ይጮኻል። እናቶቻችን ቅቤን ቈንጥረው ሳያሸቱ፥ ጤፍን በመዳፋቸው አንሥተው ሳያዩ አይገዙም ነበር። ያ ጥበብ በስልክ ዘመን ለምን ይጥፋ? «ዕቃውን በእጅህ ይዘህ ሌላ ሥዕል ላክልኝ፤ ርዝመቱ ስንት ነው? ክብደቱስ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ለዚህ መልስ የሌለው ሻጭ ዕቃውም እንደሌለው ይቈጠር።

«ሕግስ የት አለ?» የሚል ይኖራል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም፥ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ከልክለዋል። ይሁን እንጂ ብርድ ልብሱ በጋቢው ውስጥ ሲሸጐጥ ሕግ በቤቴ ውስጥ አልነበረም። የነበርሁት እኔ ነኝ። ሕግ የሚደርሰው ተበዳዩ ጮኾ ሲጠራው ነው፤ ለታመመ ባሏ ጋቢ የገዛች እናት ደግሞ በአንድ ጋቢ ምክንያት ችሎት አትቆምም። ስለዚህ የዚህ ሙያ የመጀመሪያው ዳኛ ካሜራውን የያዘው ሰው ነው።

እንግዲህ ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ ወጣቶች የምመክረው ጥቂትና የሚሠራ ነገር ነው። በነጭ መደብ አንሡ፤ ንጣቱንም ፍጹም አድርጉት፤ በሙያችሁም አትፈሩ። ነገር ግን ያ ሥዕል ብቻውን አይሂድ። ሁለተኛ ሥዕል ጨምሩ፤ በእርሱም ላይ ጀበናውን ከሲኒ ጋር፥ ጋቢውን በሰው ትከሻ ላይ፥ ጌጡን በእጅ መዳፍ ላይ አሳዩ፤ የተወሰደው ልክ ይመለሳል። ሦስተኛ ሥዕል ጨምሩ፤ በእርሱም ድርቡን ገልጣችሁ፥ ጠርዙን አቅርባችሁ፥ ነውር ካለበት ነውሩን አሳዩ፤ የተወሰደው እጅ በጥቂቱ ይመለሳል። ከማንሣታችሁ በፊት ግራጫ ካርድ በዕቃው አጠገብ አኑራችሁ ቀለሙን በእርሱ አስተካክሉ፤ የተወሰደው ቀለም ይመለሳል። ርዝመቱን በሴንቲሜትር፥ ክብደቱን በግራም እንዲጽፍ ለነጋዴው ንገሩት። ያላያችሁትን ዕቃ አነሣነው አትበሉ፤ ያነሣችሁትንም ዕቃ ለሌላ ዕቃ ምስክር አታድርጉት።

ይህን ሁሉ ስታደርጉ ከገንዘቡ ጥቂት ሊጐድል ይችላል፤ አልደብቃችሁም። ነገር ግን አንድ ቀን አንዲት እናት በደጃችሁ ቆማ «አንተ ያየኸውን አሳየኝ» ስትላችሁ፥ የተላከላትን ዕቃ ከእጇ ተቀብላችሁ «ያየሁት ይኸው ነው» ለማለት የምትችሉ ሁኑ። እኔ ያን ቀን ለማለት ያልቻልሁት ይህንኑ ነው።